ከገንፎ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት

በመሐል ሜዳ ለነዋሪዎችና ለጤና ባለሙያዎች የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ስለ ስንዴ ለመንዝ ሰው ለመናገር መቆም ድፍረት ይጠይቃል። ዋጉን፣ ውርጩን፣ የበልጉን መክዳት ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ የእኔ ነገር የሚጀምረው እህሉ ከአውድማ ገብቶ፣ ተፈጭቶ፣ ገንፎ ወይም ዳቦ ሆኖ ከሕፃን አፍ ከደረሰ በኋላ ነው። አብዛኛው ልጅ በልቶ ይጠግባል፣ ጠግቦ ይተኛል፤ ሌላ ነገር የለም። ጥቂቱ ልጅ ግን በዚያው እህል ሊሞት ይደርሳል። ዛሬ ስለዚህ ጥቂቱ ልጅ ነው የማወራችሁ።

ሰባት ወር የሞላው ልጅ እናስብ። እስከ ስድስት ወሩ ጡት ብቻ ጠብቷል። ጉንጩ ላይና የክርኑ እጥፋት ላይ ችፌ አለበት፤ ሌሊት ያሳክከዋል። እናቱ የስንዴ ገንፎ በቅቤ አርሳ በጣቷ ታጎርሰዋለች። ከዚህ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ቀምሷል፤ አንድ ቀን አፉ ዙሪያ ቀላ ብሎ ወዲያው ጠፍቶለት ነበርና ማንም ልብ አላለውም። ዛሬ ጥቂት እንደጎረሰ ፊቱን በሁለት እጁ ማሸት ይጀምራል። ከንፈሩ ያብጣል። አፉ ዙሪያ ሳማ የለበለበው የሚመስል ሽፍታ ወጥቶ ወደ አንገቱና ወደ ደረቱ ይወርዳል። ያስመልሰዋል። ድምፁ ይጎረንናል፤ ያስለዋል፤ ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫል፤ የጎድኑ መካከል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ቀጥሎ ልቅሶው ይቀንስና ዝም ይላል። ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ቀለል አለው» ይላል። ቀለል አላለውም። የደም ግፊቱ እየወረደ ነው፤ የዛለው ለዚያ ነው።

ሐኪሞች ይህን አናፊላክሲስ ይሉታል፤ እኔ ከባዱ አለርጂ እያልኩ እቀጥላለሁ። እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ይሠራ የነበረ ሪቻርድ ፐምፍሪ የተባለ ሐኪም በእንዲህ ያለ አደጋ የሞቱ ሰዎችን ታሪክ አንድ በአንድ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. አሳትሟል። ልብ ወይም ትንፋሽ እስኪቆም ድረስ ያለፈው ጊዜ፣ መካከለኛው ሲወሰድ፣ በመርፌ በተሰጠ መድኃኒት 5 ደቂቃ፣ በንብና በተርብ ንድፊያ 15 ደቂቃ፣ በምግብ ደግሞ 30 ደቂቃ ነበር። ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። ስንዴን እንድትፈሩ አልመጣሁም። የምፈራው ያ ግማሽ ሰዓት በሌላ ነገር እንዳያልፍ ነው።

እንዴት እንደሚያልፍ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ድንገት የመጣ ነገር ስለሆነ «ቡዳ በላው» ይባላል፤ ማን እንዳየው ይጠየቃል። ፊቱ ስላበጠ «ምች ነው» ይባልና ዳማከሴ ፍለጋ ጓሮ ይወረዳል። ጉሮሮው ስለታነቀ «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ቆራጭ ይጠራል። ከሁሉም የሚያስደነግጠኝ ይኸኛው ነው፤ ያበጠ ጉሮሮ ውስጥ ስለት ማስገባት ማለት የቀረችውን ጠባብ የአየር መንገድ በደም መዝጋት ነው። አንዳንዱ ወተት ያጠጣል፣ አንዳንዱ ጣቱን ከቶ ያስመልሳል፤ ሁለቱም ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ላይ ማነቂያ ይሆናሉ። ጠበል የሚያስቡ አሉ። ጠበሉን እየረጫችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የሚከለክላችሁ ቄስ የለም።

መድኃኒቱ አድሬናሊን ነው። አምፑሏ ላይ አንዳንዴ «ኤፒነፍሪን» ተብሎ ይጻፋል፤ አንድ ናቸው። ብርቅ መድኃኒት አይደለችም፤ ዋጋዋም ርካሽ ነው። ክትባት በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ በእጅ እንድትኖር የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ ምክንያቱም ክትባትም ከስንት አንዴ ይህንኑ ችግር ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ለልጃችሁ ክትባት ስትሄዱ «አድሬናሊን አላችሁ? የሚያበቃበት ቀን አላለፈም?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ይህን የሚጠይቅ ወላጅ በበዛ ቁጥር ሣጥኑ ባዶ ሆኖ የመገኘቱ ነገር ይቀንሳል።

እዚህ ለተገኛችሁ የሙያ ባልደረቦቼ ጥቂት በቁጥር ልናገር። በአገራችን የተለመደችው አምፑል በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ሚሊ ግራም አላት። ለሕፃን መጠኑ በአንድ ኪሎ ክብደት 0.01 ሚሊ ግራም ነው። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 0.1 ሚሊ ሊትር፣ 15 ኪሎ ለሆነ 0.15፣ 20 ኪሎ ለሆነ 0.2 ማለት ነው፤ ልጅ እስከሆነ ድረስ በአንድ ጊዜ ከ0.3 አይበልጥም። ይህችን ጠብታ በትልቅ ስሪንጅ ለመለካት አትሞክሩ፤ 1 ሚሊ ሊትር ብቻ በምትይዘው ቀጭኗ ስሪንጅ ቅዱ፣ አየሩን አውጡ፣ መሥመሩን ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩ። የሚወጋው ጭኑ ላይ፣ በውጪ በኩል መካከሉ ላይ፣ ጡንቻ ውስጥ ነው። ልብስ ለማውለቅ ጊዜ ከጠፋ በስስ ልብስ ላይም ይወጋል። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ካልተሻለው ይደገማል። ደም ሥር መፈለግ አያስፈልግም፤ ያበጠ ሕፃን ደም ሥር ሲፈለግ ስንት ደቂቃ እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚቀዳው ሃይድሮኮርቲዞን ወይም ዴክሳሜታዞን ነው። ለማሳከኩ ደግሞ ፕሮሜታዚን። እነዚህ መድኃኒቶች ቦታ አላቸው፤ የተዘጋ ጉሮሮ ግን በጊዜው አይከፍቱም፣ የወረደ የደም ግፊትም አያነሡም። ሃይድሮኮርቲዞንም ዴክሳሜታዞንም ሥራቸውን እስኪጀምሩ ሰዓታት ያልፋሉ። አድሬናሊን ያበጠውን የአየር መንገድ ይከፍታል፣ ልብን ያበረታል፣ የላሉትን የደም ሥሮች ይሰበስባል፤ ሦስቱንም በደቂቃዎች ውስጥ። «ልቡን ያስመታብኛል» ብሎ የሚፈራት ባለሙያ አለ። ጡንቻ ውስጥ በትክክለኛ መጠን ስትሰጥ ልጅ የሚጎዳው ከመሰጠቷ ይልቅ በመዘግየቷ ነው።

አሁን ስለ አንቀልባ። የእኛ እናት ልጇ ሲታመም የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ አዝላ መሮጥ። በዚህ በሽታ ግን ማዘል ራሱ ሊገድል ይችላል። የደም ግፊቱ የወረደ ልጅ ቀጥ ብሎ ከተያዘ ደሙ ወደ እግሩ ወርዶ ልቡ ባዶ ይቀራል፤ ፐምፍሪ ሌላ ጊዜ ባወጣው ጽሑፍ አንዳንዶቹ ከተጋደሙበት ቀና ባሉበት ቅጽበት መሞታቸውን አሳይቷል። ስለዚህ የዛለውን ልጅ በክንዳችሁ ላይ አጋድማችሁ፣ እግሩን ከፍ አድርጋችሁ ውሰዱት። ተለቅ ያለ ከሆነ ቃሬዛ ይውጣ፤ ለወላድ የምታወጡት ቃሬዛ ለዚህም ይሆናል። የሚያስመልሰው ከሆነ በጎኑ አስተኙት። ችግሩ ትንፋሽ ብቻ ከሆነና መቀመጥ ከፈለገ ደግሞ ደገፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በግድ አታጋድሙት። በእግሩ እንዲሄድ ግን በምንም ምክንያት አትፍቀዱ፣ መርፌው ተወግቶ ደህና ቢመስልም።

ደህና መሰለ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ከአንዳንዱ ልጅ ላይ ሕመሙ ጋብ ብሎ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ከጤና ባለሙያ ዓይን አይራቅ፤ ቤቱ ሩቅ ከሆነ ይደር። ከጓሳ ሥር ወይም ከወንጪት ገደል አፋፍ የመጣን ቤተሰብ በምሽት «ተሽሎታል፣ ሂዱ» ማለት አይገባም። ከመርሐቤቴ ወገን የሆናችሁ ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል አለላችሁ፤ በዚህ ወገን የመሐል ሜዳው አለ፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ደብረ ብርሃን ይላካል። ሪፈሩ ግን አድሬናሊኑ ከተወጋ በኋላ ይጻፍ።

ለመሆኑ ሰውነት በእህል ለምን ይቆጣል? ነገሩ በሳይንስ ከታወቀ ገና መቶ ምናምን ዓመቱ ነው። ፈረንሳዮቹ ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲዬ እ.ኤ.አ. በ1902 ዓ.ም. ውሾችን ከባሕር እንስሳ የተወሰደ መርዝ ሊያለማምዱ ብለው ጥቂት ጥቂት ሲወጉ፣ ውሾቹ መለማመዱ ቀርቶ በሁለተኛው ትንሽ መጠን በደቂቃዎች ሞቱባቸው። ሪሼ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1913 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። አለርጂ የሚለውን ስም ደግሞ የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ እ.ኤ.አ. በ1906 ዓ.ም. አወጣው። ከዚያ ስድሳ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ አሜሪካ የነበሩት ጃፓናውያን ባልና ሚስት ኢሺዛካዎችና ስዊድናውያኑ ዮሃንሰንና ቤኒክ፣ ለየብቻ ሲሠሩ፣ አይ ጂ ኢ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል አገኙ። የአለርጂው ቁልፍ ይህ ነው። ሰውነት የስንዴን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ አይ ጂ ኢ ያዘጋጅለታል፤ ያ አይ ጂ ኢ ቆዳ፣ አንጀትና ሳንባ ውስጥ ባሉ ሴሎች ላይ ተለጥፎ ይቆያል፤ ስንዴው ሲመለስ ሴሎቹ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን ባንድ ጊዜ ይለቃሉ። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ጉርሻ ሰላም ሆኖ ሦስተኛው የሚያፈነዳው። ከስንዴ ፕሮቲኖች ለከባዱ አለርጂ ይበልጥ ተጠያቂ ሆኖ የተገኘው ኦሜጋ አምስት ግሊያዲን ይባላል፤ የፊንላንድ ተመራማሪዎች በሕፃናትም ላይ አሳይተውታል። ይህ ፕሮቲን እሳት አይበግረውም። «በደንብ ከበሰለ አይጎዳም» የሚለውን እርሱት፤ ተቆልቶም፣ ተቀቅሎም፣ ቦክቶም ያው ነው።

አይ ጂ ኢ በተፈጥሮ ያለው ዋነኛ ሥራ ትላትልን መከላከል ነው ተብሎ ይታመናል። ይህ ነገር ኢትዮጵያን በዓለም የአለርጂ ጥናት ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ሰጥቷታል፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር የሚኖሩ ሰዎችን አነጻጽሮ፣ የደረት ማፏጨትና አስም በገጠሩ እጅግ ያነሰ መሆኑን አሳየ። ከአራት ዓመት በኋላ በዚያው መጽሔት፣ በዚያው አካባቢ፣ የመንጠቆ ትል በሆዳቸው የበዛባቸው ሰዎች ደረታቸው የሚያፏጨው ጥቂት ጊዜ መሆኑ ታተመ። ቡታጅራ ላይ ደግሞ ከአንድ ሺህ በላይ ሕፃናት ከተወለዱበት ጊዜ ጀምሮ ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። ወደ እስራኤል የሄዱ ወገኖቻችን ላይም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረገ ጥናት አስም ባልተጠበቀ መጠን በዝቶ አግኝቷል። እነዚህ ጥናቶች ቆዳ ላይ የፈተሹት በይበልጥ የአቧራ ተባይና በረሮን ነው፤ ዋና ጉዳያቸውም ሳንባ ነበር። ለእኛ ግን የሚሉት አለ፤ አኗኗር ሲለወጥ አለርጂ ይከተላል። ከሞላሌና ከራቤል ወጥቶ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚያድገው የልጅ ልጃችሁ አያቱ ያልነበራትን በሽታ ይዞ ለበዓል ቢመጣ አትደነቁ። (የትል መድኃኒት ግን ስጡ። ትል ደም ይመጥጣል፤ ለአለርጂ ተብሎ የሚጠበቅ እንግዳ አይደለም።)

ችፌውን እዚህ ላይ ላንሣው፤ መጀመሪያ ላይ የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በቅርብ ዓመታት ሐኪሞች የተማሩት ትልቁ ነገር፣ ምግብ በአፍ ሲገባ ሰውነት እንደሚለምደው፣ በተሰነጠቀ ቆዳ ሲገባ ግን ሊጠላው እንደሚችል ነው። ጃፓን ውስጥ የሆነው ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ከስንዴ የተሠራ ፕሮቲን ያለበት የፊት ሳሙና በሰፊው ተሸጠ፤ ስንዴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲበሉ የኖሩ አዋቂዎች ፊታቸውን በዚያ ሲታጠቡ ሰንብተው፣ ዳቦ ወይም ኑድል ሲበሉ ይወድቁ ጀመር። ሳሙናው እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ከገበያ ተሰበሰበ፤ በኋላ የተጎዱት ሲቆጠሩ ከሁለት ሺህ በላይ ሆኑ። በተቃራኒው ለንደን ላይ ጊዲዮን ላክ የመራውና እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. የታተመው ጥናት 640 ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸውን ሕፃናት በሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹ ኦቾሎኒ ከጨቅላነታቸው ጀምረው እንዲበሉ፣ ግማሾቹ እስከ አምስት ዓመት እንዲርቁ አደረገ። በምርመራ የኦቾሎኒ ምልክት ካልነበራቸው መካከል፣ ከራቁት 13.7 በመቶው፣ ከበሉት 1.9 በመቶው ብቻ አለርጂ ያዛቸው። ጥናቱ የኦቾሎኒ ነው። የሕፃናት ሐኪሞች ግን ስንዴንም ሌላውንም ምግብ ማዘግየት አይጠቅምም ወደሚል ምክር የመጡት ከእንዲህ ያለው ሥራ በኋላ ነው።

ለመንዝ ቤት ይህ ምን ማለት ነው? የእኛ ቤት ዱቄት የሌለበት ጥግ የለውም። እናት ሊጥ አቡክታ፣ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ችፌ ያለበትን ልጇን ቅቤ ትቀባለች፤ ዱቄቱ ከቅቤው ጋር በተሰነጠቀው ቆዳ ይገባል። እጅን በውኃና በሳሙና መታጠብ ነው መፍትሔው፤ ችፌውንም ማሳከም። ስድስት ወር ሲሞላው ደግሞ ስንዴው በአፉ ይግባ፤ ጥቂት በጥቂት፣ ቀን፣ ሰው ባለበት፣ ልጁ ጤነኛ በሆነበት ሰዓት፤ ማታ ሊተኛ ሲል አይሁን። ችፌው የበረታበት ወይም ለሌላ ምግብ አለርጂ ያለበት ልጅ ከሆነ ባለሙያ አማክራችሁ ጀምሩ። የምታጠባ እናት ራሷ ስንዴ መተው አያስፈልጋትም።

እንዲያው ከተነሣ፣ ስንዴ የማይስማማው ሁሉ ይህ በሽታ የለበትም። ሆድ መነፋት አለርጂ አይደለም። ከበላ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ደጋግሞ የሚያስመልሰውና የሚገረጣ፣ ሽፍታ ግን የሌለበት ሕፃን ሌላ ዓይነት ችግር ነው ያለበት፤ የሚያስፈልገው ፈሳሽ ነው። ሲሊያክ የሚባለውም አለ፤ ቀስ ብሎ አንጀትን የሚጎዳ፣ ልጅን የሚያከሳ በሽታ። ዲከ የተባለው የኔዘርላንድስ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ በነበረው ረሃብ ዳቦ ሲጠፋ የሲሊያክ ሕፃናቱ ሲሻላቸው አይቶ፣ ስንዴ መሆኑን ያረጋገጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሲሊያክ በደቂቃ አይገድልም። ደም ተመርምሮ «ለስንዴ ፖዘቲቭ ነው» የሚል ወረቀት ይዘው የሚመጡ ወላጆችም አሉ። ልጁ ስንዴ በልቶ ምንም ሳይሆን የሚኖር ከሆነ ያ ወረቀት በሽታ አይደለም፤ የሣር ብናኝ ራሱ ያንን ውጤት ሊያመጣ ይችላል።

አለርጂ ያልሆነውን ለመለየት ይህን ያህል የማጠብቀው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 በመቶው ለዕድሜያቸው አጥረው እንዳገኛቸው ዘግቧል፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው። ያለ ምክንያት ከልጅ ላይ እህል መከልከል በዚህ ላይ መጨመር ነው። ስንዴ የሚከለከለው በደቂቃዎች ውስጥ ሽፍታ፣ እብጠት፣ ማስመለስ ወይም የትንፋሽ ችግር ላመጣበት ልጅ ብቻ ነው።

ለዚያ ልጅ ደግሞ ምን ይብላ? ለመርሐቤቴ ቆላ ጥያቄው ቀላል ነው፤ ጤፍና ማሽላ አለ፣ ሁለቱም የስንዴ የቅርብ ዘመድ አይደሉም። ለመንዝና ለግሼ ደጋ ነው የሚከብደው። ገብስ የስንዴ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ለስንዴ አለርጂ ካለባቸው ልጆች ከፊሎቹ ገብስም አይስማማቸውም። ገብስ በልቶ ምንም ያልሆነ ልጅ ይቀጥል፤ ገና ያልቀመሰ ከሆነ ግን ቤት ውስጥ አትሞክሩ። አጃ የሚባለውን ሲሸጥላችሁ ጠይቁ፤ በአገራችን በዚህ ስም ሁለት እህል ይሸጣል፣ አንደኛው ራሱ የስንዴ ዝርያ ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ድንች፣ በቆሎ፣ እንቁላልና ወተት ይቻላል። የጤፍ እንጀራ ከገበያ ከተገዛ ምን እንደተደባለቀበት አይታወቅም፤ ለዚህ ልጅ ከቤት ይጋገር። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ከእናንተ በፊት ስንዴ ያስፈጨ ሰው ካለ የእሱ ዱቄት ወፍጮው ውስጥ ይቀራል፤ ጤፍ ወይም በቆሎ ካስፈጨ ሰው ቀጥሎ ተራ ያዙ፣ መጀመሪያ የሚወርደውን ዱቄት ለቤቱ አዋቂዎች አድርጉት። ሱቅ ያለው ብስኩት፣ ፓስታና መኮሮኒ ስንዴ ነው። የሕፃናት ዱቄት የሚባሉት ታሽገው የሚሸጡትም አብዛኛውን ጊዜ ስንዴ አለባቸው፤ ጀርባውን አስነብቡ።

ከምግቡ ይልቅ የሚያስቸግረው ሰው ነው። እኛ ልጅ እያየን አናልፍም፤ እናጎርሳለን። ሰንበቴ ላይ ዳቦ ይቆረሳል፣ ለልጅ ቀድሞ ይሰጣል። ቡሄ ሲደርስ ሙልሙል አለ። ለቅሶ ቤት ንፍሮ አለ። እናትየው ብትከለክል «አንድ ጉርሻ ምን ያደርገዋል?» የምትለው አያት ናት፤ በፍቅር ነው የምትለው። ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጡ የልጅ ልጆች አለርጂያቸው ታውቆ፣ ራሱ የሚወጋ የአድሬናሊን እስክሪብቶ ይዘው ይመጣሉ፤ ልጇ «እማዬ፣ ዳቦ አትስጪው» ስትላት አያት የፈረንጅ ልማድ ይመስላትና ትቀየማለች። እማማ፣ አይቀየሙ። በጓዳ ተደብቆ የተሰጠ ቁራሽ ነው ልጆችን የሚገድለው። ስለ ቅዱስ ቁርባንም የጠየቁኝ አሉ። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ይቀበላሉ፤ ኅብስቱ ከስንዴ መሆኑን ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ከባድ አለርጂ ታይቶበት የተረጋገጠ ልጅ ያላችሁ ለንስሐ አባታችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ከእኔ የተሻለ የሚመልሱላችሁ እሳቸው ናቸው።

ስለ ተለቅ ያሉት ልጆች አንድ ነገር ብቻ። ስንዴ በልቶ ሲቀመጥ ምንም የማይሆን፣ በልቶ ሲሮጥ ግን ሰውነቱ በሽፍታ ተሞልቶ የሚወድቅ አለ። በይበልጥ በጉርምስና ዕድሜና ከዚያ በላይ ባሉት የሚታይ ነው። ዳቦውን ገምጦ ከብት ሲመልስ ሜዳ ላይ የወደቀ እረኛ ካለ፣ ጋኔን ከማለታችሁ በፊት ምን እንደበላ ጠይቁ። አስፕሪን ከወሰደም ይብስበታል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ስንዴ ከበላ በኋላ አራት ሰዓት ያህል ከሩጫ መቆጠብ ይመከራል።

የሚያጽናናው፣ ይህ በሽታ ከአብዛኞቹ ሕፃናት ላይ የሚለቅ መሆኑ ነው። ባልቲሞር የሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. 103 ሕፃናትን ተከታትሎ ባወጣው ጥናት በ4 ዓመታቸው 29 በመቶው፣ በ8 ዓመታቸው 56 በመቶው፣ በ12 ዓመታቸው 65 በመቶው ስንዴ ይበሉ ነበር። ስለዚህ በሁለት ዓመቱ የተከለከለ ልጅ ዕድሜ ልኩን ተከልክሎ እንዳይቀር። መልቀቁን ማረጋገጫው ግን ጓዳ ውስጥ አይደለም። ሆስፒታል ነው፤ ልጁ ሳልና ትኩሳት በሌለበት ቀን፣ አድሬናሊኑ መጠኑ ተሰልቶ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ከፍርፋሪ ተጀምሮ በየ20 እና በየ30 ደቂቃው እየተጨመረ እስከ አንድ ቁራሽ ዳቦ ይደረሳል። ካለፈ ቤቱ ሄዶ ስንዴውን በሳምንት ብዙ ጊዜ ይብላ፤ አልፎ ሳለ ከፍርሃት የተነሣ የራቀ ልጅ ላይ አለርጂው ሊመለስ ይችላልና። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ፤ ከወደ ኋላ እጃቸውን ካነሡት እናት እንጀምር።